መጠጥ ካቆሙ በኋላ የመጣ መርሳትና ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ መናገር፤ ውሸት ነው ወይስ ሕመም?

ጠያቂ፦ የበኩር ልጅ

አባታችን ዕድሜያቸው 58 ዓመት ሲሆን፣ ከ25 ዓመት በላይ በየቀኑ ጠንካራ መጠጥ ሲጠጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ከአራት ወር በፊት ሆዳቸውን አሟቸው፣ ለአንድ ሳምንት ያህል የቀመሱት ሁሉ ወደ ላይ እያላቸው ከሰነበቱ በኋላ፣ መጠጡም አልወርድ ስላላቸው በአንድ ጊዜ አቆሙ። እኛም በመጨረሻ ተገላገሉ ብለን ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን በማግስቱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ገላቸው በላብ ይጠመቅ ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ እያዩ በእጃቸው ለማራገፍ ይታገሉ፣ ከሞቱ ብዙ ዓመት ከሆናቸው ወንድማቸውም ጋር ይነጋገሩ ነበር። ወደ ሆስፒታል ወስደናቸው ጉሉኮስና ማረጋጊያ መድኃኒት እየተሰጣቸው አሥር ቀን ያህል ተኝተው ታከሙ። ቅዠቱ ሲለቃቸው፣ ችግሩ የጉበት ስለሆነ መጠጥ እንዳይደግሙ ተነግሮን ወደ ቤት ተመለስን።

ከዚያ ወዲህ ግን የምናውቃቸው አባት አልሆኑልንም። የወጣትነታቸውን ዘመን ሲያወሩ ስም ከነአባት ስም አይስቱም፤ ዛሬ ጠዋት ማን ሊጠይቃቸው እንደመጣ ግን ከሰዓት በኋላ አያስታውሱም። አንዱን ጥያቄ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ይደጋግሙታል። ከሁሉ የከበደን ያልሆነውን እንደሆነ አድርገው መናገራቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ከቤት ሳይወጡ ውለው፣ የት እንደዋሉ ሲጠየቁ መሥሪያ ቤት ውለው እንደመጡ፣ አለቃቸው ያሉትን ቃል ሳይቀር፣ ፊታቸው ምንም ሳይለወጥ ይተርኩልናል፤ ሥራ ከለቀቁ ግን ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ሲራመዱም እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ የሚናወጥ ጀልባ ላይ እንደቆመ ሰው እየተጠነቀቁ ነው።

እህቴ ተደብቀው እየጠጡ ያንን ለመሸፈን ይዋሻሉ ባይ ናት። አጎታችን አእምሯቸው ተነክቷል ይላሉ፤ እናቴ ደግሞ እርጅና ነው ብላ ትተወዋለች። አባትን ውሸታም ብሎ መጥራት ለእኔ አልሆነልኝም፤ የሚሉትን አምኖ መቀበልም እንዲሁ። እናም በሙያውም ሆነ በኑሮ የምታውቁት ካላችሁ እንድታስረዱኝ እጠይቃለሁ። ይህ ሁሉ አንድ በሽታ ነው ወይስ የተለያየ ነገር? ወደ ቀድሞ ማንነታቸው የመመለስ ተስፋ አላቸው? ሌላው ጉዳይ የታናሽ ወንድሜ ነው፤ እሱም በየቀኑ ይጠጣል፤ በአባታችን የደረሰውን አይቶ ከነገ ጀምሮ ጨርሶ እተወዋለሁ ብሏል። እንዲህ በአንድ ቀን እንዲያቆም ልናበረታታው ይገባናል?

መልስ፦ የነርቭ ሐኪም

በመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። አልኮል አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ሥራ ያጠነክራል፤ አንጎልን የሚያነቃቃውን ግሉታሜት ደግሞ ያፍናል። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው አንጎል ይህንን ለማካካስ ራሱን በተቃራኒው አቅጣጫ አስተካክሎ ይኖራል። መጠጡ በድንገት ሲቆም የሚያፍነው ነገር ይነሣል፤ የተገነባው ማካካሻ ግን ባለበት ይቆያል፤ ስለዚህ አንጎል ልጓም እንደሌለው ፈረስ ይጋልባል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡና ጭንቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ የሚመጣ ከሆነ በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አባትዎ ላይ ያያችሁት ዓይነት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን የተቀላቀለበት የመቃዠት ሁኔታ ሊከተል ይችላል። ይህ የመጨረሻው ዴሊሪየም ትሬመንስ ይባላል፤ ስሙን ያወጣለት ቶማስ ሳተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፣ በ1813 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። ካልታከመ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ወንድምዎ ውሳኔውን ሳያዘገይ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ ዳያዜፓምን በመሳሰሉ መድኃኒቶች መጠናቸው በቀናት ውስጥ እየተቀነሰ፣ በክትትል እንዲያቆም ያድርጉት። በየቀኑ የሚጠጣ ሁሉ ለዚህ አደጋ ይጋለጣል ማለት አይደለም፤ ማን እንደሚጋለጥ ግን ቤት ውስጥ ተቀምጦ መለየት አይቻልም።

ወደ አባትዎ ስመለስ፣ እንደ እኔ ግምት ሁለት ነገር ተደራርቦባቸዋል። የሦስተኛው ቀን ቅዠት የማቋረጡ ሕመም ነበር፤ እሱ መጥቶ የሚያልፍ ነው፤ አልፏልም። ቀርቶ የተገኘው ግን ሌላ ሲሆን፣ ምንጩም ታያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ1 የሚባለው ንጥረ ነገር ማለቅ ይመስለኛል። የአንጎል ሕዋስ ስኳርን ወደ ኃይል ለመለወጥ ያለ ቢ1 አይችልም፤ ሰውነታችን ደግሞ የሚያከማቸው 30 ሚሊግራም ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ካልተተካ በጥቂት ሳምንታት ያልቃል። የሚጠጣ ሰው ምግብ ይተዋል፤ የበላውንም አልኮሉ በአንጀት በኩል እንዳይገባ ያግድበታል፤ የታመመ ጉበትም ማከማቸት ያቅተዋል። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ማስታወክ ሲጨመርበት ምን እንደሚከተል መገመት አያስቸግርም።

ጀርመናዊው ካርል ቬርኒከ በ1881 ይህንን የአንጎል ጉዳት ሲገልጽ የጻፈው ስለ ሦስት ሕሙማን ነበር፤ ሁለቱ ጠጪዎች ሲሆኑ ሦስተኛዋ ግን ሰልፈሪክ አሲድ ጠጥታ ያለማቋረጥ ያስታውካት የነበረች ወጣት ሴት ናት። የእርሷ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ ሕመሙን ያመጣው የንጥረ ነገሩ መጥፋት እንጂ አልኮሉ ራሱ አለመሆኑን በአንድ ታሪክ ያሳያልና። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፦ ግራ መጋባት፣ የዓይን እንቅስቃሴ መዛባትና የአረማመድ መንገዳገድ። ሦስቱ በአንድ ላይ የሚገኙት ከአምስት ታማሚዎች በአንዱ እንኳ ስለማይሞላ፣ ሕመሙ በብዙ ቦታ ሳይታወቅ ያልፋል፤ በተለይ የማቋረጡ ቅዠት ሲጋርደው። ሩሲያዊው ሰርጌይ ኮርሳኮቭ ከ1887 ጀምሮ የገለጸው ደግሞ ከዚህ በኋላ የሚቀረውን፣ አዲስ ነገር ለመያዝ አለመቻልን ነው። ዛሬ ሁለቱ የአንድ ሕመም ሁለት ደረጃዎች ተደርገው ይታያሉ።

ጉሉኮስ መሰጠቱን ጠቅሰዋል። ቢ1 ሳይቀድመው ወይም አብሮት ሳይኖር የሚሰጥ ስኳር የቀረችውን ጥቂት ቢ1 ሊጨርሳት ይችላል። ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን ቀጣዩን ሕክምና ለመወሰን እንዲረዳ፣ ቢ1 በደም ሥር ተሰጥቷቸው እንደነበር ከሕክምና ካርዳቸው ላይ አስነብቡ።

አሁን ውሸት ወደተባለው ልምጣ። ውሸታም እውነቱን ያውቀዋል፤ አውቆም ይሸሽገዋል። አባትዎ ግን ትናንትን ሲፈልጉት ቦታው ባዶ ነው፤ አንጎላቸው ያንን ባዶ ቦታ ሳያውቁት ከሌላ ጎተራ አምጥቶ ይሞላዋል። ልብ ብለው ያስተውሉ፤ ተሞልቶ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከምንም የተፈጠረ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ በእውነት ነበረ፤ አለቃውም ነበሩ፤ ምናልባትም ያንን ቃል በእውነት ተናግረዋል። የጠፋው ቀኑ ነው። የአሥር ዓመት ትውስታ የትናንትን ቦታ ይዞ ይቀርባል፤ እሳቸውም ያምኑታል፤ ለዚህ ነው ፊታቸው የማይለወጠው።

ይህን ሁሉ ስል ሳላያቸው ነውና፣ መመርመር ያለባቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። የሚጠጣ ሰው ይወድቃል፤ አንጎሉም ስለሚሟሽሽ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ያሉት የደም ሥሮች ተወጥረው በቀላሉ ይበጠሳሉ፤ ጉበቱ ከተጎዳ ደግሞ ደሙ ቶሎ አይረጋም። ስለዚህ ቀስ እያለ የተጠራቀመ ደም አለመኖሩን ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ማረጋገጥ አለበት። ጉበት ማጣራት ሲያቅተው አሞኒያና ሌሎች መርዛማ ነገሮች ወደ አንጎል ደርሰው የሚያደነዝዙበት ሁኔታም አለ፤ እሱ ላክቱሎዝን በመሰሉ መድኃኒቶች ይታከማል። የቢ12 እጥረትና የታይሮይድ መዛባትም በደም ምርመራ ይታዩ።

አስተያየት፦ ተከታታይ አንባቢ

ከሐኪሙ ማብራሪያ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ነገር ግን እናትየው ያሉት በጥቂቱ የተዘለለ መሰለኝ። የእኔ አክስት ሳትጠጣ ኖራ በ60ዎቹ ዕድሜዋ እንዲሁ ጀምሯት፣ በመጨረሻ አልዛይመር ተባለች። ይህስ እንዳልሆነ በምን ይለያል?

መልስ፦ የነርቭ ሐኪም

ተገቢ ጥያቄ ነው። የአልዛይመር በሽታ የሚጀምርበትን ቀን የሚያውቅ ቤተሰብ የለም፤ ለዓመታት እየሰረገ ይገባል፤ ከጊዜ በኋላም ቃላትን፣ ፊት መለየትን፣ ልብስ መልበስን ሳይቀር እያስረሳ ይሄዳል። እዚህ ግን ወሰኑ የሚታወቅ ነው፤ ከአራት ወር በፊት የነበሩት ሰውና ከዚያ ወዲህ ያሉት ሰው የተለያዩ ናቸው፣ አረማመዱም አብሮ ተለውጧል፣ ንግግራቸው ግን የተሟላ ነው። አልኮል ራሱን የቻለ ሰፋ ያለ የመርሳት በሽታም ያመጣል፤ ያኛው ከትውስታ ይልቅ ማቀድን፣ መወሰንንና ራስን መግዛትን አስቀድሞ ይነካል። ሁለቱ ደግሞ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ከአልዛይመር የሚለያቸው አንድ ደግ ነገር መጠጡ ከቆመና ምግቡ ከተስተካከለ ጉዳቱ ወደፊት እየገፋ አለመሄዱ ነው።

መልስ፦ የአእምሮ ሕክምና ነርስ

ሐኪሙ ስለ ትውስታ በቂ ስላሉ እኔ በሥራዬ በየጊዜው ወደማያቸው ሌሎች ነገሮች ልለፍ፤ ታናሽ ወንድምዎንም ይመለከታሉ።

መጠጥ ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ ድባቴ ውስጥ ይገባል፤ እንቅልፍ ያጣል፣ ያለ ምክንያት ያለቅሳል፣ ሕይወቱ ትርጉም ያጣበታል። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ አልኮሉ ራሱ ያመጣው በመሆኑ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ሌላ መድኃኒት ይቀልላል። ለዚህ ነው የአእምሮ ሐኪሞች ራሱን የቻለ ድባቴ ነው ብለው ከመወሰናቸው በፊት አንድ ወር ገደማ መጠበቅን የሚመርጡት። ይህ ግን ራሱን ስለማጥፋት የሚናገረውን ሰው አይመለከትም። አልኮልና ድባቴ አንድ ላይ ሲሆኑ ራስን የማጥፋት አደጋ ከፍ ስለሚል፣ እንዲህ ያለ ቃል ከሰማችሁ አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ፤ ብቻውንም አትተዉት።

ሁለተኛው ድምፅ መስማት ነው። አንዳንድ ጠጪ አገሩንና ቀኑን ለይቶ እያወቀ፣ ሳይንቀጠቀጥና ሳይቃዥ፣ የሚሰድቡት ወይም የሚዝቱበት ሰዎች ድምፅ ይሰማዋል። ይህ ከዴሊሪየም ትሬመንስ የተለየ ነው፤ በዚያኛው ሰውየው የት እንዳለ እንኳ አያውቅም፣ የሚበዛበትም ማየት ነው። በዚህኛው ግን አእምሮው የጠራ በመሆኑ ቤተሰብ በቀጥታ እብደት ብሎ ይደመድማል። አብዛኞቹ መጠጡን ሲያቆሙ በቀናት ወይም በሳምንታት ይለቃቸዋል። የትዳር ጓደኛን ያለ ማስረጃ በመጠርጠር የሚገለጥ ቅናትም አለ፤ እንደ ጠባይ ችግር ታይቶ ሲታለፍ ለጉዳት የደረሰበትን አጋጣሚ ስላየሁ አቅልዬ አላየውም።

ስለ ወንድምዎ አንድ ነገር ልጨምር። እያቆሙ መልሶ መጀመር ለአንጎል ከባድ ነው፤ በእያንዳንዱ ማቋረጥ የሚመጣው ሕመም ከበፊቱ እየጠነከረ ሊሄድ ይችላል፤ ባለፈው ጊዜ ተንቀጥቅጦ ብቻ ያለፈለት ሰው በቀጣዩ ሊንዘፈዘፍ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ካለፈ በኋላ እንዳይመለስ የሚረዱ መድኃኒቶች እንዳሉ ይንገሩት፤ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት ፍላጎትን ያበርዳሉ። ዳይሰልፊራም የሚባለው ደግሞ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ፊትን አቅልቶ፣ አስታውኮ፣ የደም ግፊትን አውርዶ የሚያስጨንቅ ነው። ይህን የመጨረሻውን ቤተሰብ ተደብቆ ምግብ ውስጥ ይጨምራል፤ ከፍቅር እንደሚደረግ ባውቅም፣ ሳያውቅ የጠጣ ሰው በዚህ ሊሞት ስለሚችል አጥብቄ እቃወማለሁ። መድኃኒቱ የሚሰጠው ፈቅዶና ተረድቶ ለሚወስድ ሰው ብቻ ነው።

መልስ፦ ስድስት ዓመት የሆነኝ

እኔ በሽተኛ ሆኜ ያለፍኩበት ስለሆነ በዚያ በኩል ያለውን ልናገር። ሆስፒታል ከተኛሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ሳለ፣ ሐኪሙ ጠዋት እንዴት እንደመጣሁ ሲጠይቀኝ መኪናዬን እየነዳሁ መጣሁ አልኩት። እየዋሸሁ አልነበረም፤ መሪው በእጄ ውስጥ ሲዞር ይታየኝ ነበር። ያሳመመኝ ባለቤቴና ልጄ ተያይተው ዓይናቸውን መስበራቸው ነው፤ አንድ ነገር እንደተበላሸ የገባኝ በዚያ እንጂ በራሴ አልነበረም። የሆነውንም ከዓመት በኋላ እነሱ ናቸው የነገሩኝ።

እግርን በተመለከተ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉብኝ የተነገረኝ ዘግይቶ ነው። አንደኛው ውስጥ እግሬን እንደ ፍም የሚያቃጥለኝና የሚያደነዝዘኝ የነርቭ ጉዳት ሲሆን፣ ሌሊት ይብስብኝ ነበር፤ ዓይኔን ስጨፍን ወለሉን በትክክል ስለማልረግጠው እወድቅ ነበር። ሁለተኛው ከራስ ቅል በስተኋላ በታች ያለው፣ ሚዛንን የሚጠብቀው ትንሹ አንጎል መሟሸሽ ነው፤ እጄ ደህና ሆኖ እግሬ ብቻ ይንገዳገድ የነበረው በእሱ ነው። ቃጠሎው በሁለት ዓመት ውስጥ በጣም ቀለለ። አረማመዴ ግን ዛሬም ደረጃ ስወርድ መደገፊያ ይፈልጋል። ትውስታዬም ቢሆን ሁሉም አልተመለሰም፤ የተመለሰው ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ ሳይሆን ከዓመት በኋላም ቀስ እያለ ስለሆነ፣ በአራት ወር አትፍረዱ።

ጠያቂው፦ የበኩር ልጅ

ሦስት ሳምንት ዘግይቼም ቢሆን የሆነውን ላሳውቃችሁ ይገባኛል። ካርዱ ላይ ቢ1 የሚል አልተገኘም። ሌላ ሐኪም ዘንድ ስንወስዳቸው ዓይናቸው ወደ ጎን ሲመለከት በትንሹ እንደሚርገበገብ አሳዩን፤ እኛ አራት ወር ሙሉ አብረናቸው እየኖርን ልብ አላልነውም። ኤምአርአይ ላይ የተጠራቀመ ደም የለም፤ ሐኪሙ ያሉት ትንሹ አንጎልና ከትውስታ ጋር የተያያዙ በመሐል ያሉ ክፍሎች መሟሸሻቸውን ነው። ቢ1 በደም ሥር ለአምስት ቀናት ከተሰጣቸው በኋላ በአፍ የሚወሰድ ታዘዘላቸው። ዘግይቶ የተጀመረ በመሆኑ ብዙ እንዳንጠብቅ፣ እንዲህ ካሉ ሕሙማን አንድ አራተኛው ገደማ በደንብ እንደሚሻላቸው፣ ግማሹ በከፊል፣ የቀረው አንድ አራተኛ ደግሞ እምብዛም ለውጥ እንደማያሳይ ነግረውናል። አረማመዳቸው የተሻለ ይመስላል፤ ትውስታቸው ላይ ግን እስካሁን ለውጥ አላየሁም። ወንድሜም ሰባት ቀን በክትትል ታክሞ አቁሟል፤ በሁለተኛው ቀን በጣም ተንቀጥቅጦ ስለነበር፣ ቤት ሆኖ ቢሆን ኖሮ እያልን እንፈራለን። እህቴ ይህን ጽሑፍ ሙሉውን አንብባዋለች።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። አባታችን መሥሪያ ቤት ውዬ መጣሁ ሲሉ ምን እንበላቸው? አልሄዱም ስንላቸው ይቆጣሉ፤ ዝም ስንል ደግሞ እያታለልናቸው ይመስለኛል።

መልስ፦ የአእምሮ ሕክምና ነርስ

አትከራከሯቸው፤ አዎን ውለዋልም አትበሏቸው። ስለ መሥሪያ ቤቱ የሚያወሩት ጨዋታ በእውነት የነበረ ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ አለቃዎ እንዴት ያለ ሰው ነበሩ ብላችሁ ወደ ቀድሞ ዘመኑ ብትመልሱት፣ ሳይዋረዱም ሳይታለሉም ጨዋታው ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነና ቤት እንደዋሉ እንደ ዋዛ አንሡላቸው።

ማስታወሳቸውን ለመፈተን ብላችሁ ማን መጣ፣ ምን በላህ እያላችሁ አትጠይቁ። እንዲህ ባሉ ሕሙማን ላይ በግምት የተመለሰ ስህተት መልስ ራሱ እንደ ትምህርት ይቀረጻል፤ በማግስቱም ይኸው ስህተት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ መልሱን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ጠዋት እገሌ መጥቶ ነበር ብላችሁ ጀምሩ። እጅና እግር የሚይዙት የልማድ ትውስታ ብዙ ጊዜ ስለማይጎዳ፣ መድኃኒቱ፣ መነጽሩና የቀን መቁጠሪያው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይሁኑ፤ በየቀኑም በአንድ ሰዓትና በአንድ መንገድ አብራችሁ ተራመዱ። ቦታ ከለወጣችሁ የለመዱትን ሁሉ ከመጀመሪያው ልትጀምሩት ነው። የቢ1 ኪኒኑን ሲውጡ አንድ ሰው አብሯቸው ይቁም፤ ወስጄዋለሁ ማለታቸው ከመሥሪያ ቤቱ ወሬ የተለየ ላይሆን ይችላል።

የየዕለቱን ነገር የሚይዝ ደብተርም ይኑራቸው፤ የሆነውን እናንተ እየነገራችኋቸው በራሳቸው እጅ ይጻፉት። እኔ ያየኋቸው ሕሙማን በሌላ ሰው እጅ የተጻፈውን ማን ጻፈው ብለው ይጠረጥሩታል፤ የራሳቸውን የእጅ ጽሕፈት ሲያዩ ግን፣ መጻፋቸውን ባያስታውሱትም ይቀበሉታል።